«ሥራው የራሴ ነው» ብለው ሲያረጋግጡ ለማን ዋስ ሆኑ?

ጥያቄ፦ «የምኖረው ደሴ፣ ሰኞ ገበያ አካባቢ ነው። በኢንተርኔት የፈጠራ ሥራቸውን የሚጋሩ ጸሐፊዎችና ሠዓልያን ስብስብ አባል ነኝ። አያቴ ትነግረኝ የነበረውን ተረት በራሴ አገላለጽ ጻፍሁና ከ12 ሥዕሎች ጋር ላክሁ። ሥዕሎቹን የሠራነው በ2 ወር ውስጥ ነው። የሥራ ማቅረቢያ መመሪያው ‹ሥራው የራሴ ነው፣ በደንቡ ተስማምቻለሁ› በሚለው ላይ ምልክት እንዳደርግ ስለሚያዝ አደረግሁ። አሁን አዘጋጆቹ የአባላትን ሥራ በመጽሐፍ አሳትመው ሊሸጡ መሆኑን አስታወቁ፤ የእኔም ስም በማስታወቂያው ላይ አለ። የጠየቀኝም የከፈለኝም የለም። መክሰስ እችላለሁ?»

መልስ፦ የጠየቁኝን በአጭሩ እመልሳለሁ፤ ከጠየቁኝ ይልቅ ያልነገሩኝ አሳስቦኛልና።

በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት አንድ ሥራ ወጥ ከሆነና ግዙፍነት ካገኘ፣ ማለትም ከሌላ ያልተቀዳና በጽሑፍ፣ በሥዕል ወይም በቅጂ የሰፈረ ከሆነ፣ ጥበቃው የሚጀምረው ሥራው ከተፈጠረበት ጊዜ አንሥቶ ነው። ምዝገባ ግዴታ አይደለም። ተረቱ የወሎ ሰው ሁሉ ነው፤ እርስዎ የተረኩበት ቋንቋ ግን የእርስዎ ነው። ሥራውን አባላት እንዲያዩት መፍቀድና አትሞ ለመሸጥ መፍቀድም የተለያዩ ናቸው። የኢኮኖሚ መብት፣ ማለትም ሥራውን የማባዛትና የመሸጥ መብት፣ የሚተላለፈው በጽሑፍ ሲሆን፣ በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 1727 በጽሑፍ መደረግ ያለበት ውል የተዋዋዮቹን ፊርማና 2 ምስክሮችን ይፈልጋል። በስልክ ላይ የተደረገ ምልክት ይህን ያሟላል? የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ለኤሌክትሮኒክ መልእክት ሕጋዊ ዋጋ ስለሚሰጥ አዘጋጆቹ መከራከሪያ አያጡም። የመመሪያውን ሙሉ ቃል ሳላነብ ማን እንደሚረታ አልናገርም። መመሪያውን አልላኩልኝም።

አሁን ወዳልነገሩኝ ነገር ልምጣ። ደብዳቤዎ «ጻፍሁ»፣ «ላክሁ»፣ «አደረግሁ» እያለ ይሄድና ሥዕሎቹ ጋ ሲደርስ «የሠራነው» ይላል። ደግሜ አነበብሁት። ከዚያ በኋላ እንደገና «እኔ» ብቻ ነው። ያ ሌላው ሰው ማን ነው? ሥራው እንደተላከ ያውቃል? በማስታወቂያው ላይ ያለው ስም የእርስዎ ብቻ እንደሆነስ አይቷል? የብዕር ስሕተት ከሆነ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ካልሆነ ግን እህቴ፣ ለጠበቃ ግማሽ ነገር መንገር ለሐኪም ግማሽ ሕመም እንደመንገር ነው።

ደጋግሜ የማየው ወጥመድ እዚህ ላይ ነው። ሰው የሥራ ማቅረቢያ መመሪያ ሲያነብ ስንት ገጽ እንደሚፈቀድ፣ ፋይሉ በምን ዓይነት እንደሚላክ፣ የመጨረሻው ቀን መቼ እንደሆነ ይፈልጋል። ጠንቃቃው ደግሞ «ምን ይወስዱብኛል?» ብሎ ይመረምራል። «እኔ ምን አረጋግጬ እሰጣለሁ?» ብሎ የሚያነብ ግን እጅግ ጥቂት ነው። ያ ዓረፍተ ነገር ብዙ ጊዜ እንዲህ የሚል ነው፦ ሥራው ሙሉ በሙሉ የእኔ ነው፤ የማንንም መብት አይነካም፤ ጠያቂ ቢመጣ ኃላፊነቱን እወስዳለሁ። ዓረፍተ ነገሩ ክፉ አይደለም፤ አዘጋጆቹ የእያንዳንዱን ሥራ ታሪክ ማጣራት ስለማይችሉ ላኪውን ያስምላሉ። ነገር ግን በዚያች ምልክት እርስዎ ዋስ ሆነዋል። በአገራችን ሰው ለዘመዱ ዋስ ሁን ሲባል ያመነታል፣ ያድራል፣ ቤተሰብ ያማክራል። እዚህ ግን ማን እንዳለበት ለማያውቀው ዕዳ በጣቱ ነክቶ ያልፋል።

ኮምቦልቻ የሚኖር አንድ ወጣት ደንበኛዬ እንዲሁ ግጥሙን በድምፅ ቀርጾ ለአንድ ስብስብ ላከ። ከበስተጀርባ ጓደኛው በአምባሰል ቅኝት ማሲንቆ ይጫወታል። ቅኝቱ የማንም የግል ሀብት አይደለም፤ ባቲም አምባሰልም የአገር ናቸው። ጨዋታው ግን የተጫዋቹ ነው፤ አዋጁ ለከዋኞች፣ ማለትም ለሚጫወቱና ለሚዘፍኑ ሰዎች፣ ተዛማጅ መብት ይሰጣል። ቅጂው ለማስታወቂያ ሲሸጥ ማሲንቆ ተጫዋቹ ድርሻዬን አለ። አዘጋጆቹ አልተከራከሩም፤ ደንበኛዬ ምልክት ያደረገበትን ገጽ አውጥተው «ከእሱ ጋር ጨርስ» አሉት። ገንዘቡ ተከፈለ። አብረው ያደጉት ሁለቱ ልጆች ግን ዛሬም አይነጋገሩም፤ እስካሁን የሚቆጨኝ እሱ ነው።

የእርስዎ ጉዳይ የሚወሰነው ሥዕሎቹ በተሠሩበት ሁኔታ ነው። ሥዕሎቹን ባልደረባዎ ብቻ ሠርቶ ከሆነ ጽሑፉ የእርስዎ፣ ሥዕሉ የእሱ ነው፤ እርስዎ በሥዕሉ ላይ ፈቃድ የመስጠት ሥልጣን አልነበረዎትም። አብራችሁ እየተቀባበላችሁ ሥላችሁት ከሆነ የጋራ ባለመብቶች ናችሁና አንዳችሁ ብቻችሁን አሳልፋችሁ መስጠት አትችሉም። ከፍለው ያሠሩት ከሆነ ነገሩ ይገለበጣል፦ ሌላ ስምምነት ከሌለ በውል የተሠራ ሥራ የኢኮኖሚ መብት የአሠሪው ነው። በዚያም ጊዜ ቢሆን የሠዓሊው ሞራላዊ መብት፣ ማለትም ሥራው በስሙ እንዲጠራ የመጠየቅ መብት፣ ከእሱ ጋር ይቀራል። ዕድሜው ከ18 ዓመት በታች ከሆነ ደግሞ ወላጁን ወይም አሳዳሪውን ሳያማክሩ ምንም ወረቀት አያስፈርሙት።

ልክሰስ ብለዋል። አዋጁ ጠንካራ ነው፤ ለሞራል ጉዳት የሚከፈለው ካሳ ከ100,000 ብር እንዳያንስ ይደነግጋል፤ ሆን ብሎ መብት የጣሰ ሰውም እስራት ይጠብቀዋል። ይህን የምነግርዎ ለክስ እንዲነሣሡ አይደለም። በአዘጋጆቹ ላይ የሚያነሡት ድንጋጌ ባልደረባዎ በእርስዎ ላይ የሚያነሣው ያው ድንጋጌ ነው። ዛሬ ክስ ቢመሠርቱ የመጀመሪያው መከላከያቸው «ከሳሽዋ ራሷ የብቻዋ ያልሆነውን የብቻዬ ነው ብላ አረጋግጣለች» የሚል ይሆናል፤ እኔም በእነሱ በኩል ብቆም ከዚያ እጀምራለሁ።

ስለዚህ አስቀድመው ማስረጃ ይሰብስቡ። ሥራውን በላኩበት ቀን የነበረውን መመሪያ ይፈልጉ፤ አዘጋጆች ደንብ ይቀይራሉ፣ የዛሬው ያኔ የተስማሙበት ላይሆን ይችላልና። የመጽሐፉን ማስታወቂያ ቀኑ እንዲታይ አድርገው በፎቶ ያስቀሩ። የመጀመሪያ ረቂቆችን፣ በእርሳስ የተነደፉትን ሥዕሎች ሳይቀር፣ አይጣሉ። ከባልደረባዎ ጋር የተላላካችሁትን መልእክት አንድም አያጥፉ፤ በቴሌብር የከፈሉት ነገር ካለ ደረሰኙን ያውጡ። በአዘጋጆቹ ላይ በአደባባይ አይጻፉ፤ በንዴት የተጻፈ ቃል ፍርድ ቤት ውስጥ በርጋታ ይነበባል።

መጽሐፉ ገና ካልታተመ ጊዜ አለዎት። ከባልደረባዎ ጋር ማን ምን እንደሠራ፣ ስም እንዴት እንደሚጻፍ፣ ገቢ ቢገኝ እንዴት እንደምትካፈሉ፣ ከእንግዲህ ሥራውን ለማን መላክ እንደሚቻል የሚገልጽ ስምምነት በ2 ምስክሮች ፊት ተፈራረሙ። ረቂቁን በጠበቃ ያስመርምሩ። አቅም ካልፈቀደ በወሎ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት በኩል ነፃ የሕግ ድጋፍ ይኖር እንደሆነ ይጠይቁ። ከዚያ በኋላ ለአዘጋጆቹ በሁለታችሁም ስም ደብዳቤ ይጻፋል፤ መጀመሪያ «ሥራው የእኔ ብቻ ነው» ያሉትን ያርማሉ፣ ቀጥሎ ለኅትመት እንዳልፈቀዳችሁ ያስታውቃሉ። ቅደም ተከተሉን አይገልብጡት።

ይህ ምክር በአንድ ገጽ ደብዳቤ ላይ የተመሠረተ ነው፤ ሰነዶቹ ሲታዩ ሊለወጥ ይችላል። ጠበቃ ጋ ከመሄድዎ በፊት ለባልደረባዎ ይደውሉና የሆነውን ሁሉ ይንገሩት፤ ከማስታወቂያው ላይ ራሱ አንብቦ እንዳይደርስበት። ከተቻለም ሁለታችሁ አብራችሁ፣ መታወቂያችሁንና ረቂቆቹን ይዛችሁ ሂዱ።