ከቅዳሴ በኋላ የማይለቅ ጭንቀት

ጥያቄ፦ በክህነት ሳገለግል ዓመታት አልፈዋል። ቀድሼ ስወጣ ግን ደስታ የለኝም፤ የቱን ቃል እንደዘለልኩ፣ ዜማው የት እንደተሰበረብኝ ሳሰላስል አድራለሁ። ለራሴ ቅጣት ብዬ ስግደት እጨምራለሁ፤ እሱም ጎዶሎ ይመስለኛል። አገልግሎቱን ልተወው?

መልስ፦ አይተዉት፣ ቀሲስ። በያዙት መንገድም አይቀጥሉ።

ጥንቃቄ ለካህን የተገባ ነው፤ ቦታው ግን ከቅዳሴ በፊት ነው፦ ግጻዌውን (የዕለቱ ንባብና ምስባክ የተመደበበትን መጽሐፍ) ማየት፣ ያልጠናውን ዜማ ከመሪጌታው ጋር መቀጸል፣ ማለትም ደጋግሞ ማጥናት። የእርስዎ ጥንቃቄ የሚነሣው ግን ምንም በማይታረምበት ሰዓት፣ ሌሊት ነው።

ደግሞስ ብቻዎን አይቀድሱም። ልኡካኑ (ቀዳሾቹ ካህናትና ዲያቆናት) ከአምስት አያንሱም፤ ሲስቱ ንፍቁ ቄስ፣ ረዳትዎ፣ አጠገብዎ ነው። በቅዳሴው ውስጥ ባለው የሥርየት ጸሎት፣ በፍትሐት ዘወልድም፣ ሥርየት የሚለመነው ለሕዝቡ ብቻ ሳይሆን በዕለቱ ለሚያገለግሉት ቀሳውስትና ዲያቆናት ጭምር ነው። ዕብራውያን 5፥2-3ንም ያንብቡ፤ ሊቀ ካህናቱ ራሱ ድካም ስላለበት ስለ ራሱም ያቀርባል።

ሐሳቡ ሲመጣ ይለዩት። የዜማ ወይም የንባብ ስሕተት ከሆነ ቦታውን ጽፈው ለመሪጌታው ያሳዩ፤ በቃ። በኅብስቱ ወይም በጽዋው ላይ የደረሰ ነገር ካለ ብቻዎን አይፍረዱ፤ ዕለቱን ለአስተዳዳሪው ይንገሩ። ኃጢአት ከሆነ ለንስሐ አባትዎ ነው፤ ካህንም የንስሐ አባት አለው። ቀኖናውንም የሚሰጡት እሳቸው ናቸው። ራሱ ፈርዶ ራሱን የሚቀጣ ሰው ማብቂያ የለውም፤ አርባ አንዱን ሰግዶ «አርባ ነው መሰለኝ» ብሎ እንደ አዲስ የሚጀምር ስንት አለ! የሥነ ልቡና ምሁሩ ኬኔት ፓርጋመንትም እግዚአብሔርን ረዳት አድርጎ መደገፍንና መከራን ሁሉ የእሱ ቅጣት አድርጎ ማየትን ይለያል፤ ሁለተኛው ከጭንቀት ጋር አብሮ ይገኛል። የእርስዎ ስግደት ወደዚያ እያዘነበለ ነው።

ደስታ ማጣት ሁሉ ግን የመንፈስ ፈተና አይደለም። ሰሞንዎን (የአገልግሎት ተራ ሳምንትዎን) ጨርሰው የሌላውን ሰሞን ደርበው ይሆን? ኤልያስ ሞትን በለመነ ጊዜ መልአኩ በመጀመሪያ ያቀረበለት እንጎቻና ውኃ ነው፤ በልቶም ተመልሶ ተኛ (1ኛ ነገሥት 19)። ስለዚህ ተራዎን ብቻ ይግቡ፤ በቀረው ሳምንት ከሕዝቡ ጋር ቆመው ያስቀድሱ። የደመወዝ ችግር ካለ ለሰበካ ጉባኤው በግልጽ ያቅርቡ፤ ማጉረምረም አይደለም፣ 1ኛ ጢሞቴዎስ 5፥18 አለልዎት። እንቅልፍ ማጣቱ ከሁለት ሳምንት ካለፈ ጸበሉን ሳይተዉ ሐኪም ይዩ። መኖር ካስጠላዎት ግን ሐኪም ለማየት አንድ ቀን እንኳ አይጠብቁ።