በውጭ አገር በኮምፓውንድ (ብዙ ቤት ባለው የታጠረ የጋራ መኖሪያ ግቢ) ስለ መኖር ጥያቄ ያላችሁ እዚህ ጠይቁ

መፍቻ፦ የማውቀው የመኖሪያ ግቢ ጥገናና አስተዳደር ነው። ቤቱን አሠሪ የሰጣችሁም ሆነ ራሳችሁ የምትከራዩ፣ ከመፈረማችሁ በፊት ጠይቁ። ቪዛና ትምህርት ቤት የእኔ መስክ አይደለም።

አዲስ ገቢ፦ የኮምፓውንድ ኑሮ እንዴት ነው? ጥሩ ነው?

መፍቻ፦ እንዲህ ተጠይቆ አይመለስም። ስንት ሰው ናችሁ? የሚከራየው አሠሪህ ነው ወይስ አንተ? ኪራዩ ምን ምን ያካትታል? ይህን ይዘህ ተመለስ።

ጽጌ፦ አከራዩ «ጄነሬተር ስላለን መብራት አይጠፋም» አለኝ። ይህ ይበቃል?

መፍቻ፦ አይበቃም እህቴ። ጄነሬተር መኖሩ ሌላ፣ ቤትሽን መሸከሙ ሌላ። የጄነሬተሩ ሰሌዳ ላይ ስንት ኬቪኤ (የአቅሙ መለኪያ) ተጽፏል? ስንት ቤት ይመግባል? መስመር ሲቋረጥ ኤሲውም ይሠራል ወይስ አምፖልና ሶኬት ብቻ?

ስሌቱ ይኸውልሽ። ባለ 12,000 ቢቲዩ (የማቀዝቀዝ አቅም መለኪያ) ኤሲ በግምት 1.2 ኪሎዋት ይወስዳል። አራት ኤሲ ላይ ውኃ ማሞቂያና ምድጃ ሁለት ሁለት ኪሎዋት ብትጨምሪ አንድ ቤት ወደ 9 ይደርሳል፤ 40 ቤት 360 ኪሎዋት ነው። ሁሉም ባንዴ ስለማይበራ ግማሹን፣ 180ን ያዢ። ኪሎዋትን ወደ ኬቪኤ ለመቀየር በ0.8 (ፓወር ፋክተር በሚባለው) ሲካፈል 225 ኬቪኤ ይሆናል። ጄነሬተር ደግሞ ከአቅሙ 80 በመቶ በላይ ተጭኖ መክረም ስለሌለበት 280 አካባቢ ያስፈልጋል። ሰሌዳው 100 ካለ፣ ማታ ሁሉም ኤሲውን ሲከፍት ብሬከሩ ይወድቅና ግቢው ባንድ ላይ ይጨልማል።

ናፍጣውንም አትርሺ። ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት ከ0.25 እስከ 0.3 ሊትር ይበላል፤ 180 ኪሎዋት ሲሸከም በሰዓት 50 ሊትር ገደማ ማለት ነው። የ500 ሊትር ታንከር ከ10 ሰዓት ብዙ አያልፍም። ናፍጣውን ማን እንደሚከፍል ውሉ ላይ ከሌለ ከአገልግሎት ክፍያው ጋር ተደምሮ ይመጣል። በጽሑፍ ይሁን።

ቤቱን ስታዪ ዋናውን መስመር እንዲያጠፉልሽ ጠይቂ። ወደ ጄነሬተር የሚያዞረው አውቶማቲክ መቀየሪያ ጤነኛ ከሆነ ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 15 ሰከንድ ውስጥ መብራቱ ይመለሳል። ፍሪጅሽ ላይ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ የሚያዘገይ መከላከያ ግጠሚ፤ ኮምፕሬሰሩ ውስጥ ያለው ግፊት ሳይረጋጋ ወዲያው ሲነሳ ሞተሩ ይጎዳል።

ማዕዶት፦ ለማንኛውም ከግቢ ውጭ መከራየት ይሻላል። ኮምፓውንድ ውስጥ ያደገ ልጅ የአገሩን ቋንቋ ሳይለምድ ነው ዓመታት የሚያልፉት።

ሰፈርተኛ፦ አልስማማም። አባት ቀኑን ሙሉ ሥራ ላይ ሲውል እናትና ልጆች ጎረቤት የሚያገኙት ግቢ ውስጥ ነው። ውጭ ቢከራዩ በር ዘግቶ መዋል ነው።

ማዕዶት፦ ጎረቤቱም በየሁለት ዓመቱ ኮንትራቱ አልቆ ይሄዳል። ልጁ በለመደው ቁጥር ይለያል።

ሰፈርተኛ፦ ውጭስ የሚከራይ ስደተኛ ሠራተኛ አይሄድም?

መፍቻ፦ ሁለታችሁም ቁም ነገር አላችሁ፣ ግን ለብቻው ክፈቱት። እዚህ ጥያቄ ይቅደም።

ቆጣሪ፦ አንድ ዓይነት ቤት እየኖርን የመብራት ሒሳባችን ከጎረቤት እጥፍ ይመጣል። ምን ይሆን?

መፍቻ፦ የቤትህን ዋና ብሬከር አጥፋና ቆጣሪው ፊት ቁም። ቁጥሩ ካልቆመ ወይም የቆጣሪው ትንሽ መብራት ብልጭ ማለቱን ከቀጠለ ሌላ ነገር በአንተ መስመር ላይ ታስሯል፤ የግቢ መብራት ወይም የጋራ ፓምፕ ሊሆን ይችላል። በቪዲዮ ቅዳና ለአስተዳደሩ በጽሑፍ አስገባ። ከቆመ ግን ፍጆታው የቤትህ ነው፤ ብሬከሮቹን አንድ በአንድ እየከፈትክ ፈልገው። የውኃም እንዲሁ፦ ቧንቧ ሁሉ ዝጋ፣ ንባቡን ጻፍ፣ ከ30 ደቂቃ በኋላ ከተለወጠ የሚያፈስ አለ። መጀመሪያ የሽንት ቤቱን ሲፎን እይ።

የልጆች እናት፦ የጣራ ታንከሩ 1,000 ሊትር ነው። አራት ነን። ይበቃናል?

መፍቻ፦ ለአንድ ሰው በቀን 150 ሊትር ብንይዝ 600 ነው። ሁለት ቀን አይሞላም፤ ስለዚህ የግቢው የመሬት ውስጥ ታንክ ስንት ሜትር ኩብ እንደሆነ ጠይቂ። ታንከሩ ከታጠበ በኋላ 70 በመቶ ክሎሪን ካለው ዱቄት ለ1,000 ሊትር 80 ግራም ገደማ በባልዲ ውኃ ተበጥብጦ ይገባበታል፣ 24 ሰዓት ቆይቶ ሙሉ በሙሉ ይደፋል። ያ ውኃ አይጠጣም፣ ልጅም አይታጠብበትም። ማሞቂያው ውስጥ ያለው ውኃ 60 ዲግሪ ይሁን፤ ከ20 እስከ 45 ባለው ለብታ ሌጂዮኔላ የሚባል የሳንባ ምች የሚያመጣ ባክቴሪያ ይራባል። በ60 የሚወጣ ውኃ ግን ልጅ ያቃጥላል፤ መታጠቢያው ላይ የሙቀት ማደባለቂያ ቫልቭ አስገጥሚ።

ዘመድኩ፦ ጄነሬተር ካለ በቂ አይደለም እንዴ?

መፍቻ፦ ለጽጌ የጻፍኩትን አንብብ። ደግሜ አልጽፍም።

እንግዳው፦ ዘመድ መጥቶ ቢያድርስ?

መፍቻ፦ የግቢውን ደንብ እይ። ስምና ታርጋ ቀድሞ በር ላይ ይመዝገብ።

ኮንትራት፦ ቤቱ የአሠሪዬ ነው። ሥራ ብለቅስ?

መፍቻ፦ ዋናው ጥያቄ ይኸ ነው፣ የሚጠይቀው ግን ጥቂት ሰው ነው። ቤቱ ከሥራው ጋር ከታሰረ ሥራው ያለቀ ቀን የመኖር መብትህም ሊያልቅ ይችላል። ውሉ ላይ ስንት ቀን እንደሚሰጥህ በቁጥር ይጻፍ፤ የልጆች የትምህርት ዘመን መሀል ላይ ከሆነስ የሚለውም ይታከል። «እንነጋገራለን» የሚለውን አትቀበል፤ ያነጋገረህ ሰው ነገ ሊቀየር ይችላል። በጽሑፍ ይሁን።

ኮንትራት፦ መያዣ ገንዘቡንስ?

መፍቻ፦ ስትገባ እያንዳንዱን ክፍል፣ የኤሲውን ሪሞት፣ የግድግዳውን ስንጥቅ፣ የሁለቱንም ቆጣሪ ንባብ ፎቶ አንሳ። ዕቃ መረከቢያው ላይ የተበላሸውን በእጅህ ጽፈህ ሁለታችሁም ፈርሙበት፤ አንድ ቅጂ ካንተ ጋር ይቅር። ፎቶውን በዚያው ቀን በኢሜይል ላክላቸው፤ ስትወጣ ስንጥቁ አስቀድሞ እንደነበረ የምታስረዳው በዚያ ነው።