ወድቆ የተነሳው ወንድሜ ከሰዓታት በኋላ ለምን ራሱን ሳተ?

ጥያቄ፦ የ24 ዓመት ወንድሜ ከመሰላል ወድቆ ጭንቅላቱን ተመታ። ለጥቂት ደቂቃ ራሱን ስቶ ነቃ፤ ደም አልፈሰሰውም፤ ምሳውንም በላ። ከሦስት ሰዓታት በኋላ ራስ ምታቱ ጠናበት፤ አስመለሰው፤ ከዚያ ብንቀሰቅሰውም አልነቃ አለ። ሐኪሞች «በራስ ቅሉ ውስጥ ግፊት ጨምሯል» ብለው ቀዶ ሕክምና አደረጉለት። አሁን ደህና ነው። የደም ግፊት ሳይኖርበት ይህ ከየት መጣ? እንዳይተኛ መከልከልስ ነበረብን?

መልስ፦ እንኳን ተረፈልዎ። ስሙ አያሳስትዎ፤ ይህ በክንድ ላይ ከሚለካው የደም ግፊት የተለየ ነው። በጤነኛ አዋቂ የራስ ቅል ውስጥ ያለው ግፊት በጋደመበት ሲለካ አብዛኛውን ጊዜ ከ15 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ አይበልጥም።

የአዋቂ ራስ ቅል አይለጠጥም። ውስጡ አንጎል፣ ደምና አንጎሉን የከበበው ፈሳሽ ብቻ ናቸው፤ ከቦታው 80 በመቶ ያህሉን የያዘው አንጎል ነው። አራተኛ እንግዳ ከገባ አንዱ ቦታ መልቀቅ አለበት። የጭንቅላቱን የምርመራ ፊልም ሳላይ እርግጠኛ መሆን ባልችልም፣ በወንድምዎ ላይ እንግዳው የተጠራቀመ ደም ይመስለኛል። ከጆሮ ከፍ ብሎ ያለው አጥንት ስስ ነው፤ ሲሰነጠቅ በውስጥ በኩል ተለጥፎ የሚያልፈውን ደም ቅዳ ሊቀድደው ይችላል። ውጪ ጠብታ ደም ላይታይ ይችላል።

ታዲያ ምሳውን እንዴት በላ? መጀመሪያ ፈሳሹ ወደ አከርካሪ ይሸሻል፤ ከደም መልሶችም ደም ተጨምቆ ይወጣል። ግፊቱ እምብዛም ሳይጨምር ሰውየው ያወራል፣ ይስቃል። እኔ ከሁሉ የምፈራው ይህን ሰዓት ነው፤ ቤተሰብ «ተመስገን» ብሎ የሚበተነው ያኔ ነውና። መሸሻው ሲያልቅ ግን ትንሽ ተጨማሪ ደም እንኳ ግፊቱን በአንዴ ያንረዋል። ግፊቱ ሲንር ደም ወደ አንጎል መግባት ያቅተዋል፤ ደም ያጣ አንጎል ያብጣል፤ እብጠቱ ደግሞ ግፊቱን ያባብሳል። በመጨረሻ አንጎሉ ወደ ታች ይገፋና መተንፈስን የሚያዝዘውን ክፍል ይጫናል። አንደኛው የዐይን ብሌን ሰፍቶ ለብርሃን አልጠብ ካለ፣ የልብ ምት ከቀነሰና አተነፋፈስ ከተዛባ እዚያው ደጃፍ ላይ ደርሷል ማለት ነው።

ሁሉም እንዲህ አይፈጥንም። የአንጎል እብጠት በቀናት ውስጥ ሊብስ ይችላል፤ በአረጋውያንና ደም ማቅጠኛ በሚወስዱ ሰዎች ላይ ደሙ ቀስ እያለ ተጠራቅሞ ምልክቱ ከሳምንታት በኋላ የሚመጣበት ጊዜ አለ።

እንቅልፉን በተመለከተ፦ መተኛት በራሱ አይጎዳም። የሚያስፈራው ሲቀሰቀስ አለመንቃቱ ነው። ተመትቶ ራሱን የሳተ ሰው ግን፣ ቢነቃና ቢያወራም፣ ከመተኛቱ በፊት በሐኪም ይታይ።