ሶላር ሥራ ለጀመራችሁ ልጆች፦ ስለ ባትሪ ሞኒተር

ሶላር ሥራ ውስጥ የገባችሁ ልጆች ፓኔል ጣራ ላይ መስቀል ትወዳላችሁ። የባትሪውን ዲሲ ወደ ቤት ኤሲ የሚቀይረው ኢንቨርተር ሲነሳም ደስ ይላችኋል፣ ደግ ነው። ግን ከጥቂት ዓመት በኋላ ደንበኛው የሚያመሰግናችሁ ወይም የሚያማችሁ በባትሪው ነው። ባትሪ ደግሞ በቮልት ብቻ አይታወቅም። 12.7 ቮልት ካለ ሙሉ ነው፣ 12.2 ገደማ ከሆነ ግማሽ ነው የምንለው የሊድ አሲድ ባትሪ ለሰዓታት አርፎ ሲለካ ነው። ቀን ፀሐይ እየሞላው፣ ማታ መብራትና ቴሌቪዥን እየሳበው መቼ ያርፋል? ሞኒተር የምንገጥመው ለዚህ ነው። የገባውንና የወጣውን ከረንት እየቆጠረ ስንት እንደቀረ ይነግረናል።

የሚቆጥረው በሻንት ነው። ሻንት ማለት ሬዚስታንሱ በትክክል የታወቀ ወፍራም ብረት ነው። የተለመደው 500 አምፔር 50 ሚሊቮልት ይባላል፤ 100 አምፔር ሲያልፍበት 10 ሚሊቮልት ያሳያል ማለት ነው። ሞኒተሩ የሚያነበው ያቺን ብቻ ነው። በሻንቱ በኩል ያላለፈ ከረንት ለሞኒተሩ የለም። ይህን ከያዛችሁ የቀረው ይቀላል።

ሻንቱ የሚገባው ኔጋቲቭ መስመር ላይ ነው። በባትሪው በኩል ባለው ጫፍ ከባትሪው የሚመጣው ኬብል ብቻ ይታሰራል፣ ሌላ ምንም አይታሰርም። የኢንቨርተሩ፣ ከፓኔሉ ወደ ባትሪው የሚገባውን የሚቆጣጠረው የቻርጅ ኮንትሮለሩ፣ የዲሲ መብራቱ፣ በጀነሬተር የሚሠራ ቻርጀር ካለም የእሱ ኔጋቲቭ፣ ሁሉም ወደ ሌላኛው ጫፍ ይሄዳል።

አንድ ጤና ኬላ ያየሁትን ልንገራችሁ። ማታ ሞኒተሩ ከ90 ፐርሰንት በላይ ያሳያል፣ ሌሊት ላይ ግን ኢንቨርተሩ ጥፍት ይላል። ሠራተኞቹ ሞኒተሩ ተበላሽቷል ብለው ተስፋ ቆርጠዋል። ሳጥኑን ስንከፍት ሻንቱን ዘሎ ቀጥታ የባትሪው ኔጋቲቭ ላይ የታሰረ ቀጭን ጥቁር ሽቦ አገኘን። በኋላ የመጣ ባለሙያ የግቢ መብራት ሲጨምር እጁ የደረሰበት ቦታ ላይ አስሮት ሄዷል። መብራቱ የሚበላው አይቆጠርም፣ ቀን የሚሞላው ግን ይቆጠራል፤ ስለዚህ ቁጥሩ ሁሌም ከእውነቱ ከፍ ብሎ ይታያል። ሽቦውን ወደ ሻንቱ ማዶ አዛወርነው፣ ነገሩ በዚያው አለቀ። አስቡት፣ እዚያ ቤት ሌሊት እናት ትወልዳለች።

ባትሪዎቹ በፓራለል፣ ማለትም ፖዘቲቭ ከፖዘቲቭ፣ ኔጋቲቭ ከኔጋቲቭ ከታሰሩ ሌላም ጣጣ አለ። ባለ 200 አምፔር-ሰዓት 4 ባትሪ በፓራለል ሲታሰር ቮልቱ እዚያው 12 ሆኖ አቅሙ 800 ይሆናል። ብዙ ሰው ፖዘቲቩንም ኔጋቲቩንም ከመጀመሪያው ባትሪ ላይ ያወጣል፣ ለአሠራር ስለሚመች። እንደዚያ ከታሰረ ፊት ያለው ባትሪ ከሁሉም በላይ ይሠራል፣ መጨረሻ ላይ ያለው ግን በደንብ ሳይሞላ ይከርማል። ፖዘቲቩን ከመጀመሪያው፣ ኔጋቲቩን ከመጨረሻው አውጡ። ከተቻለ ደግሞ ባስባር፣ ኬብሎቹ ሁሉ አንድ ላይ የሚታሰሩበትን ብረት፣ አድርጉና የሁሉንም ኬብል እኩል ቁረጡ። አዲስና አሮጌ ባትሪም አትቀላቅሉ።

ሻንቱ የሚያየው ድምሩን ብቻ መሆኑንም አትርሱ። ከ4ቱ አንዱ ቢሞት ሞኒተሩ ዝም ይላል፣ እንዲያውም 800 አለ ብሎ መቁጠሩን ይቀጥላል። ስለዚህ ኬብሉን አቅፎ ከረንት የሚለካ ክላምፕ ሜትር ያዙ፣ ዲሲ የሚለካውን፤ ርካሾቹ አብዛኞቹ ኤሲ ብቻ ናቸው። 40 አምፔር ሲሳብ በእያንዳንዱ ባትሪ ኬብል ላይ ወደ 10 የሚጠጋ ማየት አለባችሁ። ሦስቱ 13፣ አንዱ 1 ካሳየ ወይ ብሎኑ ላልቷል ወይ ባትሪው አልቆለታል።

ከገጠማችሁ በኋላ ደግሞ ሴቲንጉን አስተካክሉ። ቪክትሮን የሚባለው ኩባንያ ሞኒተር ከፋብሪካ ሲመጣ የባትሪው አቅም 200 አምፔር-ሰዓት ተብሎ ነው የሚመጣው። ባለ 800ው ላይ እንዲሁ ከተዋችሁት 100 አምፔር-ሰዓት ሲወጣ ግማሽ ቀረ ይላል፣ እውነቱ ግን 87 ፐርሰንት ገደማ ነው። ፒውከርት የሚባለው ቁጥር፣ ባትሪው በኃይል ሲሳብ አቅሙ ምን ያህል እንደሚቀንስ የሚነግረው፣ ለሊድ አሲድ 1.25፣ ለሊቲየም 1.05 አካባቢ ነው። ሞኒተሩ ባትሪው ሞልቷል የሚልበትን ቮልት ከፍሎት ቮልቴጁ (ቻርጀሩ የሞላውን ባትሪ ይዞ ከሚያቆይበት ቮልት) ትንሽ ዝቅ አድርጋችሁ አስገቡ፤ ካበዛችሁት ሞኒተሩ ባትሪው መሙላቱን በጭራሽ አያውቅም። ቆጠራው በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ይስታል፣ የሚታረመው ባትሪው ጢም ብሎ ሲሞላ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ደመናው ለሳምንታት ባትሪ አያስሞላም፣ ስለዚህ በክረምት ቁጥሩን እንዳለ አትመኑ። ጀነሬተር ካለ አንድ ቀን አስነስታችሁ እስኪሞላ ጠብቁ።

ስትሠሩ ቀለበትና ሰዓት አውልቁ፣ የመፍቻውን እጀታ በቴፕ ጠቅልሉ። ብረት ፖዘቲቩንና ኔጋቲቩን ካገናኘ ይሄ ባትሪ እጅ ያቃጥላል፣ አትናቁት። ከፖዘቲቭ ወደ ሞኒተሩ የምትሄደውን ቀጭን ሽቦ ያለ ፊውዝ እንዳታስሯት።

በመጨረሻም የባትሪውን አቅም፣ የገጠማችሁበትን ቀንና ያስገባችኋቸውን ቁጥሮች በወረቀት ጽፋችሁ የሳጥኑ በር ውስጥ ለጥፉ። ከሥሩ በደማቅ እስክሪብቶ «ማንኛውም አዲስ ኔጋቲቭ ከሻንቱ ማዶ ይታሰር» ብላችሁ ጻፉበት።