ስለ ላፕቶፕና ዋይፋይ ጠየቃችሁኝ፣ ልመልስ

ደብረ ብርሃን ውስጥ ላፕቶፕ እጠግናለሁ። ሰው መሣሪያውን ሲያስረክበኝ ጥያቄውንም አብሮ ነው የሚያስረክበኝ። ሰሞኑን ደግሞ ስለ ዋይፋይ የሚመጣው በዛ። ይጎዳል? ይፈቀዳል? ያስቀጣል? «ያላችሁን ሁሉ ጠይቁኝ» አልኩ። ከአንኮበር እስከ መሐል ሜዳ ጠየቃችሁኝ፤ እናመሰግናለን።

ጥያቄ፦ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። የደብረ ብርሃንን ብርድ ታውቀዋለህ። ማታ ብርድ ልብስ ውስጥ ገብቼ፣ ላፕቶፑን ጭኔ ላይ አድርጌ ነው የማጠናው። የዋይፋዩ ጨረር ይጎዳኝ ይሆን?

እህቴ፣ አንቺን የሚያሰጋሽ ዋይፋዩ ሳይሆን ሙቀቱ ነው።

መጀመሪያ አንቴናው የት እንዳለ ልንገርሽ። በአብዛኛው ላፕቶፕ አንቴናው ክዳኑ ውስጥ፣ በስክሪኑ ጠርዝ ላይ ነው። የስክሪኑን ፍሬም ስፈታ ከዋይፋይ ካርዱ ተነስተው በማጠፊያው በኩል ሽቅብ የሚወጡ ሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች አገኛለሁ። አንዱ ጥቁር፣ ሌላው ነጭ ወይም ግራጫ ነው። ጫፋቸው ላይ ስስ የብረት ቅጠል ተለጥፏል። አንቴናው እሱ ነው። ጭንሽ ላይ የተቀመጠው ባትሪውና ፕሮሰሰሩ ነው።

ኃይሉም ትንሽ ነው። በአውሮፓ ደንብ በ2.4 ጊጋኸርትዝ (ዋይፋይ ከሚጠቀምባቸው ሞገዶች አንዱ) የሚሠራ ዋይፋይ ከ100 ሚሊዋት በላይ እንዲረጭ አይፈቀድለትም። የድሮው ቱጂ (2ጂ) ሞባይል ጆሮ ላይ ተለጥፎ እስከ 2 ዋት ይረጭ ነበር። ሰውነት የሚቀበለው መጠንም ገደብ አለው። አሜሪካ በኪሎግራም 1.6 ዋት ትላለች፣ በ1 ግራም ሥጋ ላይ ተለክቶ። አውሮፓ 2 ዋት ትላለች፣ በ10 ግራም ላይ ተለክቶ። አንዳንድ የላፕቶፕ መመሪያ ላይ «አንቴናው ከሰውነት 20 ሴንቲሜትር ይራቅ» የሚል ታገኛለሽ። ፋብሪካው መሣሪያውን ያስፈቀደው በዚያ ርቀት አስልቶ ስለሆነ ነው። ክዳኑን ከፍተሽ ስትሠሪ አንቴናው ብዙውን ጊዜ ከዚያ ይርቃል።

አሁን ወደ ሙቀቱ። ምድጃ ዳር ሲቀመጡ የኖሩ እናቶች ቅልጥም ላይ መረብ የመሰለ ቡናማ ምልክት አይተሽ ይሆናል። ጭኑ ላይ ላፕቶፕ አስቀምጦ ለሳምንታት የሚሠራ ሰውም ያው ምልክት ሊወጣበት ይችላል። ቆዳውን ሳያቃጥል፣ ቀስ እያለ ነው የሚጎዳው። ብርድ ልብሱ ደግሞ አየር ማስገቢያውን ይደፍናል። ባለፈው አንድ ተማሪ ላፕቶፑ «ይጮሃል» ብሎ አመጣልኝ። ማራገቢያውን ስከፍተው የብርድ ልብስ ብናኝ እንደ ጥጥ ተጠቅልሎበታል። ባትሪው አብጦ የጣት መዳሰሻውን ሽቅብ ገፍቶታል። ቻርጅ ላይ ሰክቶት ሲያድር ነበር። ያሳዘነኝ ልጁ እሳት ላይ ተኝቶ እንደነበር አለማወቁ ነው።

ብርድ ልብሱን አንቺ ልበሽው፤ ላፕቶፑን ግን ጣውላ ላይ አድርጊው። ያበጠ ባትሪ ካየሽ ቻርጅ አታድርጊ፣ አትጫኚው፣ ወዲያው አስወጪው።

ጥያቄ፦ ከደብረ ሲና ነኝ፤ ነፍሰ ጡር ነኝ። አማቴ «ዋይፋይ ካንሰር ያመጣል ተብሏል» እያሉ ራውተሩን (ዋይፋዩን የሚረጨውን ሳጥን) ይነቅሉብኛል።

እማማ የሰሙት ከመሬት የተነሳ ወሬ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ2011 እ.ኤ.አ. የሬዲዮ ሞገድን (ዋይፋይም እሱው ነው) «2ቢ» የሚባል ምድብ ውስጥ አስገብቶታል። ትርጉሙ «ካንሰር ሊያመጣ ይችል ይሆናል፣ ማስረጃው ግን ውስን ነው» ማለት ነው። የታየውም በዋናነት የሞባይል ስልክ አጠቃቀም ነው። ቡናችን ራሱ ከ1991 እስከ 2016 እ.ኤ.አ. በዚሁ ምድብ ውስጥ ነበር፤ ከዚያ ወጣ። ለእማማ ይህንን ንገሪያቸው፣ ቡናው ላይ ሆነሽ ብትነግሪያቸው ደግሞ የተሻለ ነው።

ሞገዱ በርቀት ቶሎ ይዳከማል። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ጥንካሬው ወደ ሩብ ይወርዳል። ራውተሩን ከአልጋው ራስጌ ወደ ሳሎን አውጪው። እማማም ይረጋጋሉ፣ ኔትወርኩም ለቤቱ ሁሉ ይዳረሳል።

ጥያቄ፦ ወንድሜ ከአሜሪካ ላፕቶፕ ላከልኝ። ስልኬ የቤታችንን ዋይፋይ ያያል፣ ላፕቶፑ ግን ጭራሽ አያየውም። ተበላሽቶ ይሆን?

ተበላሽቷል አትበል፤ ሕግ እያከበረ ሊሆን ይችላል። በ2.4 ጊጋኸርትዝ ላይ ቻናሎች፣ ማለትም ቁጥር የተሰጣቸው የሞገድ መስመሮች አሉ። ለአሜሪካ የተሠራ ካርድ ብዙ ጊዜ ከ1 እስከ 11 ያሉትን ብቻ ነው የሚጠቀመው። በአውሮፓና በሌሎች ብዙ አገሮች እስከ 13 ይሄዳል። 14ኛው ለጃፓን ብቻ የተተወ ነው። ራውተርህ ራሱ መርጦ 12 ወይም 13 ላይ ከተቀመጠ ላፕቶፑ እንደሌለ ይቆጥረዋል።

ራውተሩ ውስጥ ገብተህ ቻናሉን 1፣ 6 ወይም 11 አድርገው። በቃ። «የላፕቶፑን አገር የሚቀይር ፕሮግራም አለ» የሚል ጎረምሳ ካጋጠመህ እምቢ በለው። የአገር ኮዱ የተቀመጠው ኃይሉም ሞገዱም ከአገሩ ደንብ እንዳይወጣ ነው። በ5 ጊጋኸርትዝ ላይ የአየር ሁኔታ ራዳሮች አብረው ይሠራሉ። በእነሱ ክልል የሚሠራ ራውተር መጀመሪያ አድምጦ፣ ራዳር ከሰማ ቻናሉን መልቀቅ አለበት። ራውተርህ አንዳንዴ ሲነሳ አንድ ደቂቃ ዝም የሚለው ለዚህ ሊሆን ይችላል። እንደዚሁም ከ5250 እስከ 5350 ሜጋኸርትዝ ያለው በአውሮፓ ለቤት ውስጥ ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ ከላፕቶፑ ሥር ያለውን ወረቀት ብልጠው ችግር አለው?

አትላጠው። የፈቃድ ቁጥሩ እሱ ላይ ነው። መሣሪያው ተፈትኖ ማለፉን የሚያሳየው እሱ ነው።

ጥያቄ፦ የዋይፋይ ካርዱን ራሴ ልቀይረው እችላለሁ? ከሸዋ ሮቢት።

እጅህ ከረጋ ትችላለህ። ግን ፈቃዱ የተሰጠው ለካርዱና ለአንቴናው በአንድ ላይ ነው። ስለዚህ ፋብሪካው ለዚያ ሞዴል የዘረዘረውን ካርድ ፈልግ። አንዳንድ ላፕቶፕ ያልተመዘገበ ካርድ ሲያይ ባዮሱ (ላፕቶፑን የሚያስነሳው ፕሮግራም) ጭራሽ አልነሳም ይላል። ባትሪውን ሳትነቅል አትንካው። የሽቦዎቹ ጫፍ እንደ ልብስ ተጫኝ ቁልፍ ጠቅ ብሎ ነው የሚገባው። አታጣምመው፤ ቀጥ አድርገህ ሽቅብ አንሳው። ስንት የተሰበረ አይቻለሁ!

ጥያቄ፦ ለሚ አካባቢ የድንጋይ ካባ ውስጥ ቀያሽ ነኝ። ፈንጂ በሚቀበርበት ቀን ላፕቶፕ ይዘህ አትግባ ይሉኛል። ማጋነን አይደለም?

አይደለም ወንድሜ። እባክህ ይሄን በደንብ አንብበው። በኤሌክትሪክ የሚቀጣጠል የፈንጂ ማስነሻ ሁለት ረጃጅም ሽቦዎች አሉት። ሽቦ ደግሞ መሬት ላይ ሲዘረጋ አንቴና ነው። ከሬዲዮ ሞገድ ኃይል ይቀበላል፤ ኃይሉ ከበቃ ማስነሻው ያለ ሰው ትእዛዝ ይነሳል። ካባ መግቢያ ላይ «ሬዲዮ አጥፉ» የሚል ምልክት የሚተከለው ለዚህ ነው።

የላፕቶፕህ ዋይፋይ ከመገናኛ ሬዲዮ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ደካማ ነው። ግን ኪስህ ውስጥ ሞባይል አለ፣ መኪናው ላይ ሬዲዮ አለ፣ አንተም ሽቦው የት እንዳለፈ አታይም። ርቀቱን የሚወስነው የፈንጂ ባለሙያው ነው፤ እሱ ያለው ይጸናል። መግባት ካለብህ ፈቃዱን ጠይቀህ ከበሩ ውጭ ሆነህ ፍላይት ሞድ አድርግ፣ ብሉቱዙም መጥፋቱን አረጋግጥ። ላፕቶፑን ስለከደንከው ብቻ ዋይፋዩ ጠፍቷል አትበል። መኪና ውስጥ ብትተወው ደግሞ የበለጠ ደስ ይለኛል።

ጥያቄ፦ ጣርማበር ላይ ሱቅ አለኝ። ቤቴ ከሸለቆው ማዶ ነው። በሰሃን አንቴናና በቡስተር (በሞገድ ማጉያ) ዋይፋዩን ላሻግረው አስቤያለሁ፤ ምን ትላለህ?

ጋሼ፣ ገንዘብዎን ከማውጣትዎ በፊት ፈቃዱን ይጠይቁ። ገደቡ የሚለካው ከአንቴናው በሚወጣው ኃይል ነው። 20 ዲሲቤል የሚጨምር ሰሃን ኃይሉን ወደ ዞረበት አቅጣጫ 100 እጥፍ ያደርገዋል። 100 ሚሊዋት የነበረው በዚያ አቅጣጫ እንደ 10 ዋት ሆነ ማለት ነው። የቤት ውስጥ ዋይፋይ መሆኑ ያኔ ቀረ።

በአገራችን የሬዲዮ ሞገድን የሚያስተዳድረውና መሣሪያ የሚያጸድቀው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው፤ የተቋቋመው በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 ነው። የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761/2004 ደግሞ ያለ ፈቃድ የቴሌኮም መሣሪያ ማስገባትንና መገጣጠምን ወንጀል ያደርገዋል። «ሰው ሁሉ ይሰቅላል» የሚሉዎት ሰዎች ሲያዙ አብረውዎት አይቆሙም። ለባለሥልጣኑ የመሣሪያውን ሞዴልና ቦታውን ጽፈው ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ አንኮበር ያለው አያቴ ደረቱ ላይ የልብ ምት ማስተካከያ ተገጥሞለታል። ላፕቶፕ አጠገቡ ልጠቀም?

ተጠቀም። ብቻ ደረታቸውን ተደግፎ እንዳይቀመጥ። ከመሣሪያቸው ቢያንስ 15 ሴንቲሜትር ይራቅ። ከዋይፋዩ ይልቅ ማግኔቱን ልብ በል፤ ብዙ ላፕቶፕ ክዳኑ ሲዘጋ እንዲያውቅ ትንሽ ማግኔት ይገጠምለታል። ተኝተው ፊልም ሲያዩ ደረታቸው ላይ እንዳያስቀምጡት። ሐኪማቸው የነገራቸው ከዚህ የተለየ ከሆነ የሐኪሙን ስማ።

ጥያቄ፦ በአውሮፕላንስ?

የካቢን ሠራተኞች ያሉትን አድርግ። ሲነሳና ሲያርፍ ፍላይት ሞድ ይሁን። ትርፍ ባትሪ በእጅ ሻንጣ እንጂ ታች በሚጫነው አይገባም። እስከ 100 ዋት ሰዓት ያለ ልዩ ፈቃድ ያልፋል። ባትሪው ላይ ቮልቱን በአምፒር ሰዓቱ አባዛው፦ 11.1 ሲባዛ በ4.4 ወደ 49 ይሆናል፤ ያልፋል።

ጥያቄ፦ የጎረቤቴን የዋይፋይ ፓስወርድ በአፕሊኬሽን አገኘሁት። ብጠቀምስ?

ተው። በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ ሰው ኔትወርክ ውስጥ መግባት ወንጀል ነው። ከአጥር ማዶ ነው ያለው፤ ሂድና ጠይቀው።