ስልኬ በበራ ቁጥር ያስጠነቅቀኛል

ጥያቄ፦ ከሁለት ወር በፊት ያገለገለ አንድሮይድ ስልክ ገዛሁ። አጥፍቼ ባበራሁት ቁጥር ብርቱካናማ ምልክት ያለው ጽሑፍ ይመጣል። ቡትሎደሩ ክፍት ነው፣ ሶፍትዌሩ እንዳልተነካካ ማረጋገጥ አይቻልም ይላል። ሻጩን ስጠይቀው «ምንም አይደለም፣ ዝም ብለሽ እለፊው» አለኝ። እውነት ምንም አይደለም? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ እህቴ፣ አትለፊው። እኔ ጋ ይህን ጽሑፍ ይዞ የሚመጣ ሰው ሁሉ «ምንም አይደለም» የተባለ ነው።

ስልክሽን ስታበሪ መጀመሪያ የሚነቃው ፋብሪካ ውስጥ ቺፑ ላይ የተጻፈ ትንሽ ፕሮግራም ነው። እሱን ማንም አይቀይረውም። ቡትሎደሩን፣ ማለትም አንድሮይዱን የሚያስነሳውን ፕሮግራም፣ ከማስነሳቱ በፊት የአምራቹን ዲጂታል ፊርማ (ያልተነካካ መሆኑን የሚያሳይ ማረጋገጫ) ያያል። ቡትሎደሩ ደግሞ በተራው አንድሮይዱን ይፈትሻል። ሲስተሙ ትልቅ ስለሆነ አንዴ ሙሉውን አያነቡትም፤ በ4 ኪሎባይት እየተቆራረጠ፣ በሚነበብበት ቅጽበት ይፈተሻል። አንዲት ፊደል ብትነካ ይታወቃል። ከአንድሮይድ 7 (እ.ኤ.አ. 2016) ወዲህ ይህ ፍተሻ በጣም ጠብቋል።

ብርቱካናማው ታዲያ ይህ ጥበቃ ተነስቷል ማለት ነው። ከአንቺ በፊት አንድ ሰው ቡትሎደሩን ከፍቶታል። የግድ ለክፉ ነው አልልም፤ ሌላ ሲስተም መጫን ፈልጎም ይሆናል። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። ሲስተሙ ውስጥ የተቀበረ ሰላይ ፕሮግራም ካለ፣ ሴቲንግ ገብተሽ ሪሴት ብታደርጊው አይጠፋም። ሪሴት የሚያጠፋው ያንቺን ፎቶና አፕሊኬሽን ነው፤ ሲስተሙን አይነካም። ስለዚህ እስኪስተካከል የባንክ አፕሊኬሽን አትክፈቺበት፣ የይለፍ ቃልም አትጻፊበት።

ማስተካከያው አለ። ፎቶና ስልክ ቁጥሮችሽን ሌላ ቦታ አስቀምጪ፤ ሁሉም ይጠፋል። ከዚያ ለዚያው ሞዴል የተሠራው የአምራቹ ሶፍትዌር ፍላሽ ይደረግበት፤ ማለትም ሲስተሙ እንደ አዲስ ይጫንበት። ቡትሎደሩ የሚቆለፈው ከዚያ በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉን አደራ! አንድ ልጅ ቪዲዮ አይቶ፣ የተነካካው ሲስተም እንዳለ መጀመሪያ ቆለፈው። ስልኩ ፊርማውን ሲያጣ አልነሳም አለ። እኔ ጋ ሲመጣ ፎቶዎቹ አልቀዋል፤ ስልኩን ለመመለስ ሁለት ቀን ፈጀብኝ።

ሠሪው ጨርሻለሁ ሲልሽ እዚያው ፊትሽ አጥፍቶ ያብራው። ጽሑፉ ተመልሶ ከመጣ ሂሳቡን አትክፈዪ።