የስንት ዓመት?

ልጆች፣ ከሱሉልታ ነው የምጽፍላችሁ። ጡረታ ከወጣሁ ቆየሁ፤ የዝናብ መለኪያዬን ግን ከግቢዬ አላነሳሁም። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ወጥቼ ሚሊ ሜትሩን ደብተር ላይ እጽፋለሁ። የሰፈሩ ልጆች "ጋሼ ውሃ ቆጣሪው" ይሉኛል። ይበሉ።

ሰሞኑን የጎረቤቴ ልጅ ስልኩን ይዞ መጣ። "ጋሼ፣ አንታርክቲካ ላይ አንዱ በረዶ መቅለጡ ቀንሶ ነበር ይላል። ታዲያ ሙቀት ጨመረ የሚባለው ወሬ ነው?"

አስቀመጥኩት። ፓይን አይላንድ የሚባለው የበረዶ ግግር ጫፉ ባሕር ላይ ተንሳፏል። ይህን ተንሳፋፊ በረዶ በዋናነት የሚበላው ከላይ ፀሐይ አይደለም፣ ከስር የሚገባ የባሕር ውሃ ነው። ሙቅ ውሃ ይሉታል፤ ሙቀቱ ግን ከዜሮ በላይ 1 ዲግሪ ገደማ ነው፣ እጃችሁን ብትነክሩ ትጮኻላችሁ። ለበረዶው ግን እሳት ነው፤ ጨዋማ ውሃ የሚረጋው ከዜሮ በታች ነው፣ ጥልቀት ሲጨምር ደግሞ የሚረጋበት ዲግሪ ጭራሽ ይወርዳል።

እዚያ ስር ከባሕሩ ወለል የተነሳ ጉብታ አለ። ሙቁ ውሃ እሱን መሻገር አለበት። እ.ኤ.አ. በ2010 እና በ2012 ሲለካ፣ በሁለተኛው ጊዜ ሙቁ ንብርብር ከ200 ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ ተገኘ፣ ጉብታውም አገደውና መቅለጡ በግማሽ ያህል ቀነሰ። አጥኚዎቹ ነገሩን በከፊል ከላኒና ጋር አያያዙት፤ የፓሲፊክ ውቅያኖስ የላይኛው ውሃ ከወትሮው የሚቀዘቅዝበት ጊዜ ነው፣ ያው የእኛን ክረምት ከሚያምሰው፣ ውሃው ከሚሞቅበት ከኤልኒኖ ጋር ተራ የሚገባው። ከሱሉልታ ደጅ እስከዚያ ድረስ አንድ ፓሲፊክ ነው የሚያወዛውዘን!

ልጁ "ስለዚህ ተፈጥሯዊ ነው" አለና ሊነሳ ሲል ያዝኩት። ከበረዶው ስር ቆፍረው ያወጡት ደለል ሌላም ነገር ይናገራል። ግግሩ ከዚያ ጉብታ መላቀቅ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ፣ ኃይለኛ ኤልኒኖ በነበረበት ጊዜ ነው። ከዚያ ሁኔታው ረገብ አለ። ግግሩ ግን ወደ ቦታው አልተመለሰም፣ መሳሳቱንም ቀጠለ። ተፈጥሯዊ የተባለ ነገር ሁሉ ዞሮ የሚመለስ እንዳይመስላችሁ።

እኔም በእናንተ ዕድሜ ሦስት ክረምት ተከታትሎ ጥሩ ቢዘንብልኝ "የአካባቢው ዝናብ ተሻሽሏል" ብዬ አራት ገጽ ጻፍኩ። አለቃዬ አልተቆጣኝም። ከአናቱ ላይ በቀይ እስክሪብቶ "የስንት ዓመት?" ብሎ መለሰልኝ። በአራተኛው ዓመት ሐምሌ ላይ ገበሬው የጤፍ ዘሩን ይዞ ሰማይ ሰማይ ያይ ነበር፣ እኔ ደግሞ ያንን ወረቀት የት እንደምደብቅ። እስካሁን ያሳፍረኛል።

እናም መቅለጡ ቀነሰ ስትባሉም፣ ጨመረ ስትባሉም፣ መጀመሪያ ያችን ቀይ ጥያቄ ጠይቁ። ደግሞ ራሳችሁ ለኩ፤ አሰልቺ ነው፣ አልዋሻችሁም።

ልጁ አሁን ጠዋት ጠዋት ይመጣል። ትናንት 14 ሚሊ ሜትር ብሎ ጻፈ። ሄጄ ሳየው 11 ነው፤ ብርጭቆውን አዘንብሎ ነበር ያነበበው።